ሦስት ጓጉንቸር

ባለቤቴ የወደቀው ዓይደር፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ታሞ ሄዶ ነዋ» ይለኛል። ምንም አላመመውም ነበር። የእህቱ ልጅ ወልዳ ሊጠይቃት፣ እኔው ያፈላሁትን አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ነው የሄደው። የወሊድ ክፍሉ በየት በኩል እንደሆነ ዘበኛውን ሊጠይቅ ቆም ሲል እዚያው ተዘረረ። ፔርሙዙ ተሰበረ፣ አጥሚቱ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ፣ እሱ ደግሞ ሞተ።

ሞተ የምለው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለው «ልቡ ቆሞ ነበር» ነው። በሩጫ ወጥተው ደረቱን ተጫኑት፣ ማሽን አምጥተው በኤሌክትሪክ መቱት፣ ልቡ ተመለሰ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ቦታው ነው ያተረፈው» አለኝ። «ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። እሱ የተወውን እኔ ስጨርሰው ኖርኩ። ቤት ቢሆን ኖሮ። ባጃጅ ላይ ቢሆን ኖሮ። ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት በአስተማሪነት ተመድቤ ነው፤ እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ፤ ይሄ ሰውዬ የትምህርት ቤታችንን በር ሊበይድ መጣና ቀረሁ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ወርክሾፕ አለችው፤ ቤታችን ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ትግርኛዬ ጎረቤቶቼን አሁንም ያስቃቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ለእኔ ሲሉ አማርኛ ያወራሉ፣ ግማሹን በትግርኛ ይሞሉታል፣ እንዲያው እንግባባለን።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ፈሪ ሆንኩ። ድሮም ደፋር አልነበርኩም፣ የዚህ ጊዜው ግን ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ትምህርት ቤት ሆኜ በየረፍቱ እደውላለሁ። «አለህ?» እለዋለሁ። «አለሁ» ይለኛል። ሌላ ወሬ የለንም። የብረት መቁረጫው ድምፅ ስልኩን አላሰማው ብሎት ሳያነሳ የቀረ ቀን ክፍሌን ለጓደኛዬ ጥዬ በባጃጅ ሰሜን ድረስ በረርኩ። ስደርስ ሻይ እየጠጣ ነው። «ምነው፣ ልትቀብሪኝ መጣሽ?» አለኝ። አልሳቅኩም። ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ከዓይደር ስንት እንደራቅን ነው የማስበው፤ ከተማው ሁሉ ለእኔ ወደ ዓይደር የሚቀርብና ከዓይደር የሚርቅ ሆኖ ተከፈለ።

ያንን ሐኪም ለክትትል ስንሄድ ደግሜ አገኘሁት። «ያ ማሽን ሆስፒታል ብቻ ነው የሚኖረው?» አልኩት። ሌላ ዓይነት አለ አለኝ፤ ትንሽ፣ ራሱ የሚናገር፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚጠቀምበት፤ በሌላ አገር ሰው በሚበዛበት ቦታ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታየኝም። ያ ማሽን ሰፈራችን መግባት አለበት። የባለቤቴ ልብ ደግሞ ቢቆም የሚደረስለት ነገር መኖር አለበት። ለሕዝብ ነው እያልኩ ለመንኩ እንጂ የለመንኩት ለእሱ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ማንም አልቀየመኝም።

ነገሩን መጀመሪያ የወሰድኩት ለዕድራችን ሊቀ መንበር ነው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ «አቦይ»፣ አባቴ፣ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በሐሩርም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሰምተው ሲጨርሱ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ዕድር የሚሰበሰበው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንቺ ከመሞቱ በፊት እንሰብሰብ ነው የምትይው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ቀድመን እንገኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ልመናው ተጀመረ። እሳቸው ከየለቅሶው በኋላ፣ ድንኳን ሳይፈርስ፣ ቆመው ይናገራሉ። እኔና የዕድሩ ሴቶች ለፋሲካ ሙክት ገዝተን ቶምቦላ አዞርን። ገበያ ውስጥ በየመደቡ ሄድን። ሰው ደግ ነው፤ ግን ሟርት ይፈራል። አንዷ በርበሬ ሻጭ ቶምቦላው ለምን እንደሆነ ስነግራት እጇን ሰበሰበች። «ልብ ለሚቆምበት ነገር ገንዘብ አዋጥቼ ጥሪው ቤቴ ይምጣ? ከአፍሽ ይራቅ» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ሽሮ ሻጭ ግን «የእኔም ሰውዬ እንዲሁ ነው የሄደው» አለች። «ወፍጮ ቤት ተሰልፎ። ቡዳ በላው ነው ያሉኝ።» ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ ወሬ ይጠብቀኛል። አንዱ ቅዳሴ ላይ፣ አንዱ ኳስ ሲያይ፣ አንዷ ልጅ እያጠባች። ዓይነ ጥላ ነው፣ ምች ነው፣ የሰው ዓይን ነው ተብሎ የተቀበረው ሰው ብዛቱ አስደነገጠኝ። ለልመና ወጥቼ ፍርሃት ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ ለባለቤቴ ግን አልነግረውም።

ብቻ ገንዘቡ ሞላ። ማሽኑ ከአዲስ አበባ መጣ። ዕድሩ ቤት ተሰብስበን ካርቶኑ ሲከፈት፣ የሴት ቦርሳ የምታክል ቀይ ነገር ወጣች። «ይቺ ናት?» አለ ከኋላ አንዱ። ያን ሁሉ የለመንበት ነገር በነጠላ ተሸፍኖ የሚወጣ ሆኖ አረፈው። የሰፈራችን ልጅ የሆነች ነርስ መጥታ ትራስ አስተኝታ አሳየችን፤ ደረት እንዴት እንደሚጫኑ፣ ሁለቱ ፕላስተሮች የት የት እንደሚለጠፉ። ማሽኑ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «አንቺ ትተረጉሚያለሽ» ተባልኩ። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ካለች ደህና ናት ማለት ነው። ያቺን መብራት ሳይ ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሼ ሙሉ ገባ።

ችግሩ የመጣው የት እናስቀምጣት ሲባል ነው። እኔ በር ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ማንም እንዲያያት ነበር የምፈልገው። ሁሉም በአንድ አፍ «ትሰረቃለች» አሉ። ትንሽነቷ ነው ያስፈራቸው። አቦይ ተነሡ። የዕድራችን ገንዘብ ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ አንዱ ቁልፍ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በጸሐፊው እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ሳንቲም ጠፍቶበት የማያውቀው በዚህ ነው፤ የሚኮሩበትም ይሄው ነው። «የሕዝብ ንብረት ነው» አሉ አቦይ። «በሦስት ቁልፍ ይጠበቃል።» ሁሉም አጨበጨበ።

«ሰው ሲወድቅስ?» አልኩ።

«ሦስታችንም እዚሁ ነን፣ ጓለይ። የት እንሄዳለን?»

የማሽኗን ሣጥን የሠራው ባለቤቴ ነው። በነጻ። ሕይወቱን መልሰው የሰጡት ያህል ስለሚሰማው ያለውን ሁሉ አፈሰሰበት። ወፍራም ላሜራ፣ ዙሪያውን የማዕዘን ብረት፣ አንጎላሬ፣ ማጠፊያው ከውስጥ የተበየደ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ። የጓጉንቸሮቹን ማቀፊያ ሲበይድ «ይሄን ሌባ አይደለም ሰይጣን አይከፍተውም» ይለኛል። እኔ ከጎኑ ቆሜ «ሰውስ?» አልኩት። ተቆጣ። «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታይሽ ክፉ ክፉው ነው» አለኝ። ከተጨቃጨቅን በኋላ ግን ሣጥኑ ፊት ላይ ትንሽ መስኮት ቆርጦ መስታወት ገጠመላት፤ እጅ አያስገባም፣ መብራቷ ግን ትታያለች። የዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይም፣ በግቢው በኩል፣ በብሎን አሰረው።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያየኋት አልፋለሁ። አረንጓዴዋ ብልጭ ትላለች፤ ከፊቷ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ያቺን ማየት ያረጋጋኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ። አቦይን ባገኘኋቸው ቁጥር እጨቀጭቃቸዋለሁ። አንድ ቀን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱና አንገታቸውን አሳዩኝ። የሣጥኑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረውታል። «ስታጠብም አላወልቀውም» አሉኝ። «ለአንቺ ባል ስል ነው። ጥሪኝ፣ እሮጣለሁ። ኣጆኺ፣ አትፍሪ።» እጃቸውን ሳምኩ። የሌሎቹ ሁለቱ አንገት ላይስ ምን አለ ብዬ ግን እየፈራሁ ሄድኩ።

የሆነው ቀን እሑድ፣ ረፋድ ላይ ነው። የአንዱ ጎረቤታችን እናት ሠልስት አልቆ ድንኳን ይፈርሳል። ወንዶቹ ምሰሶ እየነቀሉ ወደ ዕድሩ ግቢ ያጋዛሉ፣ እኛ ሴቶቹ እዚያው ግቢ ቧንቧው አጠገብ የዕድሩን ድስቶች እናጥባለን። ባለቤቴ ሸክም ስለተከለከለ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። እኔ በዓይኔ እሱን እየጠበቅሁ ድስት እፈትጋለሁ። እሱን እየጠበቅሁ ስለነበር አቦይን አላየኋቸውም። ከኋላዬ ምሰሶ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ዘወር ስል አቦይ በግንባራቸው ወድቀዋል።

ገልብጠው አስተኟቸው። ፊታቸው የሰው ፊት አይመስልም። አፋቸው አንዴ እንደ ማንኮራፋት አለና ተወ። አንዱ ውሃ አፈሰሰባቸው፣ አንዱ ጸበል እያለ ይሮጣል። እኔ «ደረታቸውን ተጫኑ» አልኩ። ሥልጠናው ላይ የነበረ አንድ ጎልማሳ ተንበርክኮ ጀመረ። «ማሽኑን» አልኩ። ያኔ ሁሉም ቀና ብሎ ሣጥኑን አየ።

የአቦይ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። ማተቡን ለመበጠስ ማንም አልደፈረም፤ የክርስቲያን ማተብ ነው፣ ሰውዬው ደግሞ እንዲህ ሆነው። ሚስታቸው መጣች። አደይ፣ እናቴ፣ ነው የምንላት። ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው። ገንዘብ ያዡ ሱቁ ገበያው ዳር ነው፤ እየሮጠ መጣ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱ ጓጉንቸር ተከፈተ። ጸሐፊው ጋ ተደወለ። አነሣ። «ውቅሮ ነኝ፣ ክርስትና ላይ» አለ። «ቁልፉስ?» ተባለ። ቁልፉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ኪሱ ውስጥ ነው፤ ውቅሮ።

መስታወቷ ውስጥ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች። ደህና ናት።

ባለቤቴ ገመዱን ጣለ። ለድንኳን ጉድጓድ የሚቆፍሩበት ዲጂኖ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ አነሣው። «አንተ ተው፣ ሌላ ሰው ይምታ» አልኩ። «የት እንደሚሰበር የማውቀው እኔ ነኝ» አለኝ። አንድ ጊዜ መታ። ዲጂኖው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመው። ቀለሙ ተላጠ፣ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ያን ያህል አሳምሮ ነው የሠራው። እየመታ ያቃስታል፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ከንፈሩን አያለሁ። ከንፈሩ ይጠቁር እንደሆነ። መሬት ላይ ሰው እየሞተ፣ ያን የመሰለ ሰው፣ ለእኔ ባል ሲል ቁልፍ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው፣ እኔ የባሌን ከንፈር ነው የማየው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መፍራት አልቻልኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አቁም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ የማቀፊያው ብየዳ ጠረቅ ብሎ ተላቀቀ።

ማሽኗን አወጣን። ሸሚዛቸውን ቀደድን፣ ፕላስተሮቹን ለጠፍን። ማሽኗ መናገር ጀመረች፤ የተረጋጋች የሴት ድምፅ ናት። ማንም እንዳይነካቸው አለች፣ ተረጎምኩ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እያየች ነው አልኩ፣ የልባቸውን ነገር እያየች ነው። ዝም አለች። አደይ መሬት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ የተበጠሰውን ማተብ ይዛለች።

ከዚያ ማሽኗ ሁለት ነገር ተናገረች። መጀመሪያ፣ በኤሌክትሪክ መምታት አያስፈልግም አለች። ቀጥላ፣ ደረቱን መጫን ቀጥሉ አለች። ነርሷ ስታስተምረን ነግራናለች፤ ልብ ቆሞ በጣም ከቆየ ማሽኑ የሚመታው ነገር አይቀርበትም።

«ምን አለች?» አለችኝ አደይ።

«ተጫኑ ትላለች» አልኩ። «ቀጥሉ ትላለች።» የመጀመሪያውን አልተረጎምኩትም።

ቀጠሉ። እየተፈራረቁ ተጫኑ፣ በሰው መኪና ጭነው ዓይደር እስኪያደርሷቸው ድረስ ተጫኑ። ባለቤቴ ዲጂኖውን ይዞ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል። «አለህ?» አልኩት። «አለሁ» አለኝ፣ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ከቀትር በፊት ተደውሎ አቦይ ማረፋቸው ተነገረን። ጠዋት ያፈረስነውን ድንኳን ለእሳቸው መልሰን ተከልነው።

ዕድሩ ቁልፍ የሚባል ነገር በዚያ ማሽን ላይ እንዳይደገም ወሰነ። ጸሐፊው ለወራት ከቤቱ አልወጣም፤ ማንም ግን አልወቀሰውም፣ የሠራነው ሁላችንም ነን፣ ያጨበጨበው ሁሉም ነው። ባለቤቴ አዲስ ሣጥን ሠራ። ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ መዝጊያው ትንሽ ማንሻ ብቻ። የሰቀለው ከዕድሩ ቤት ውጪ፣ መንገዱ ዳር፣ ማንም ሊሰርቃት የሚችልበት ቦታ ነው። አሁን ደግሞ ሳልፍ ትኖር ይሆን ብዬ ነው የምፈራው። እስከማውቀው ድረስ ማንም ነክቷት አያውቅም።

ሰቅሎ የጨረሰ ዕለት አደይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በዚያ አለፈች። ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ናት። ቆመች። ባለቤቴ ከመሰላሉ ወርዶ እጅ ነሣት። ጣቷን ዘርግታ ማንሻዋን ገፋች። መዝጊያው ተከፈተ። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው።

«እንዲህ ቀላል ነበር?» አለች።

ባለቤቴ መሣሪያውን መሰብሰብ ያዘ። ብሎኑ ከእጁ እየወደቀ፣ እያነሣ፣ ደግሞ እየወደቀ። እሷ መዝጊያውን በቀስታ መልሳ ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች።